አዋላጇን ከአካውንቷ ያስወጣሁበት ቀን

የምሠራው ጎንደር ከተማ፣ በገጠር ያሉ ነፍሰ ጡሮችን በሚከታተል አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። አዋላጅ ነርሶቻችን በወገራና ከዚያ ወዲያ ባሉ የደጋ ቀበሌዎች ተበትነው ይሠራሉ። የእያንዳንዷን እናት ክብደት፣ የደም ግፊትና የምርመራ ውጤት በታብሌት ይመዘግባሉ፤ የሚያሳስብ ነገር ሲያዩ በዚያው በኩል ከተማ ላለችው ሐኪማችን ይጽፋሉ፣ እሷም ትመልስላቸዋለች። የእኔ ድርሻ ይህ ሁሉ እንዳይቋረጥ፣ የማይመለከተውም ሰው እንዳይገባበት መጠበቅ ነው። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ ማስረዳት ይቸግረኛል። አባቴ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የዜማ መምህር ናቸው፤ ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ልጄ መዝገብ ጠባቂ ናት» ይላሉ። እስካሁን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁለትም።

ነገሩ የተጀመረው የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍላችንን ይመሩ በነበሩት ሽማግሌ ነው። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ያህል ቀርቷቸው ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ከእኛ ክፍል የተላከ የሚመስል ኢሜይል ደረሳቸው፤ አካውንትዎ ሊዘጋ ስለሆነ እዚህ ገብተው የይለፍ ቃልዎን ያረጋግጡ ይላል። እሳቸውም የተባሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸውና ገብተው አረጋገጡ። ማክሰኞ ያው ደብዳቤ በእሳቸው ስም ለሠራተኛው ሁሉ ተበተነ። ከሰው ኃይል አስተዳደር የመጣን ትእዛዝ ማን ችላ ይላል? ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ብዙው ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ለማናውቀው ሰው አስረክቦ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ቀናት ስልክ ላይ አሳለፍኳቸው። በድርጅቱ ውስጥ ይህን ሥራ የምንሠራው እኔና ኃላፊዬ ብቻ ነን። የሠራተኛውን ስም ዝርዝር ለሁለት ተካፍለን፣ አንድ በአንድ እየደወልን አካውንታቸውን ዘጋን፣ አዲስ የይለፍ ቃል ሰጠን፣ እንደገና ከፈትን። አንዱን ስንዘጋ ሌባው በሌላው ይገባል። ድምፄ ተዘጋ። ሦስተኛው ቀን ላይ ሽማግሌው ወደ ክፍላችን መጡና ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሻይ አቀረብኩላቸው፣ አልጠጡም። «በዚህ ቤት ሃያ ዓመት ስሠራ በስሜ አንድ የተሳሳተ ደብዳቤ ወጥቶ አያውቅም ነበር» አሉኝ። ከዚያ ተነሥተው ወጡ።

ያቺ አነጋገራቸው ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ሌባው የገባው ከሩቅ አገር ነበር፤ ያውም በአንድ ሰዓት ውስጥ በብዙ ሰው ስም። የኮምፒዩተሩ መዝገብ ይህን ሁሉ በየደቂቃው ጽፎታል። ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ግን አልነበረም። እኔ ያነበብኩት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ መዝገቡን በየጊዜው ራሱ የሚያነብ፣ ያልተለመደ ነገር ሲያይም እኛን ሳይጠብቅ ራሱ የሚዘጋ ሲስተም ልሥራ ብዬ ኃላፊዬን ጠየቅሁት። ፈቀደልኝ።

ሐሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ ሰው ጠዋት ከጎንደር ገብቶ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ከባሕር ማዶ ከገባ፣ ከሁለቱ አንዱ እሱ አይደለም። የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ ከሳተ፣ ከዚህ በፊት ባልተጠቀመበት ስልክ ከመጣ፣ ከማይሠራበት ከተማ ከታየ፣ ያጠራጥራል። ሲያጠራጥር ሲስተሙ አካውንቱን ይቆልፋል፣ በሌላ ዕቃ ላይ የተከፈተ ካለም ያንን ይዘጋል፣ ለባለቤቱ በስልክ መልእክት ይልካል፣ ለእኛም ያሳውቃል። ወራት ፈጅቶብኝ ሠራሁት። ስጨርስ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ኃላፊዬ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሥራዬን አይቶ አመሰገነኝና አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። መጀመሪያ ሁለት ወር ምንም ሳይዘጋ ዝም ብሎ ይመልከት፣ ማንን ሊዘጋ እንደነበር ለእኛ ብቻ ይንገረን፣ ስህተቱን እያየን እናርመው አለ። እሺ አልኩ። ጊዜው ግንቦት ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሲስተሙ አራት ጊዜ ብቻ ተጠራጠረ፤ አራቱንም ስንመረምራቸው እውነትም ከውጭ የመጡ ሌቦች ነበሩ። እኔም አንድም አልተሳሳተም፣ ምን እንጠብቃለን፣ ሌባው እስኪመለስ ነው ወይ እያልኩ ነዘነዝኩት። በመጨረሻ ፈረመልኝ። ክረምት ሲገባ ደጋው ላይ መብራትና ኔትወርክ ምን እንደሚሆኑ ሁለታችንም አላሰብንም። እኔ ማሰብ ነበረብኝ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ የአንዲት አዋላጅ አካውንት መቆለፉን የሚገልጽ ማስታወቂያ ኮምፒዩተሬ ላይ ብቅ አለ። አየሁት። አዲስ ስልክ፤ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ የይለፍ ቃል፤ የታየበት ቦታ አዲስ አበባ። አዋላጇ የምትሠራው ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብላ ባለች ጤና ጣቢያ ነው፤ አዲስ አበባ ምን ታደርጋለች? ሲስተሜ ሌባ ያዘ ብዬ ማስታወሻዬ ላይ «ተሳክቷል» ብዬ ጻፍኩ። ደውዬ እንኳ አልጠየቅኋትም። ምሳዬን በልቼ፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እየሳቅሁ ተመለስኩ።

አሥር ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። የገባችው አርባ ዓመት ያለፋት፣ ጠይም፣ ረዘም ያለች ሴት ነበረች። ነጩ ጋዋኗ ከካፖርቷ ሥር እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኗል፤ ፀጉሯ ከሻሿ ሥር ረጥቧል። እስከዚያ ቀን ድረስ ፊቷን አላውቀውም ነበር። አካውንቷን ግን አውቀዋለሁ።

«አካውንት የሚዘጋው ማነው?» አለች።

ማሽኑ ነው የሚለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። መልሼ ዋጥኩትና «እኔ ነኝ» አልኳት።

«ምነው እህቴ፣ ምን አደረግሁሽ?»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። ሽማግሌው በተቀመጡባት ወንበር ላይ ተቀመጠችና የሆነውን ነገረችኝ።

መንታ የተሸከመች አንዲት እናት ጠዋት ራስ ምታት ይዟት ወደ ጤና ጣቢያው በቃሬዛ መጣች። የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፣ ዓይኗም ይብረቀረቅባታል። አዋላጇ ወዲያው ለሐኪማችን ጻፈች። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበርና መልሱ ሳይደርስ የታብሌቱ ባትሪ አለቀ። የራሷ ስልክ ኢንተርኔት የማያስገባ ስለነበር የመድኃኒት ክፍሉን ሠራተኛ ስልክ ተበድራ በዝናቡ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጥግ ሮጠች። ከዚያ ሌብነት በኋላ ሁሉም ሠራተኛ ቁጥርና ምልክት ያለበት ረጅም የይለፍ ቃል እንዲይዝ ያስገደድኩ እኔ ነኝ። ስልኩ የተከፈተው በአማርኛ ፊደል ነበርና ምልክቱን ፈልጋ አጣችው፤ ጣቷ በርዷል፤ ሦስት ጊዜ ሳተች። ሲስተሜ ዘጋባት። ስልክ ብትደውል ሐኪሟ መልሱን ጽፋ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታለች፣ ስልኳ ዝግ ነው። መልሱ ተጽፎ ተቀምጧል። እሷ ግን ልታነበው አትችልም።

አንድ ሰዓት ያህል እየተመላለሰች ስትሞክር ቆየች። ከዚያ ተስፋ ቆረጠች። የምታውቀውን መርፌ በራሷ ኃላፊነት ወጋች፣ አምቡላንስ ጠራች፣ እናቲቱን ይዛ በጭጋግና በዝናብ ጎንደር ድረስ መጣች። እኔ ጋ ስትመጣ እናቲቱ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታ ገና አልወጣችም።

«የሲስተሙን መልእክት አላገኘሽም? በስልክሽ ልኮልሽ ነበር» አልኳት፤ ራሴን ለማዳን እንደሆነ ገብቶኛል።

ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። የላክሁት መልእክት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ረጅም፣ ከአንድ መጽሐፍ የቀዳሁት። እሷ ከሚመጡት ማስታወቂያዎች አንዱ መስሏት ሳታነበው አልፋዋለች።

ሻይ አመጣሁላት፤ እሷ ጠጣችው። ካፖርቷን ተቀብዬ ወንበር ላይ ዘረጋሁት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እሰማለሁ፤ የእናቲቱን መልክ ለማሰብ እሞክራለሁ፣ አይመጣልኝም። ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥን አላውቅም። ስልኳ ጮኸ። ጥቂት አዳመጠችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ሁለቱም ሴቶች ናቸው» አለችኝ ስልኩን ስትዘጋው። «እናትየውም ነቅታለች። ሸጋ ነው። ሸጋ ነው።» ደጋግማ አለችው። ከዚያ መጀመሪያ ያለቀሰችው እሷ ነበረች፤ እኔም ተከተልኳት።

በዚያ ምሽት እራት ላይ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቁጡ ሰው ናቸው፣ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። የእናቲቱን የክርስትና ስም ጠየቁኝ፤ በጸሎት ሊያስቧት ፈልገው ነው። አላወቅሁትም። የፋይል ቁጥሯን ግን በቃሌ እችለው ነበር። ከቁጥሩ ሌላ ስለ እሷ ምንም እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። በማግስቱ ከአዋላጇ ጠይቄ ነገርኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሲስተሙን ላጠፋው፣ የሥራ መልቀቂያዬንም ልጽፍ ቆርጬ ገባሁ። ኃላፊዬ ቀድሞኝ ቢሮ ነበር። ሁለቱንም ሐሳቤን ሰምቶ፣ ብናጠፋው የሽማግሌው ነገር ተመልሶ ሲመጣ ማን ያቆመዋል ብሎ ጠየቀኝ። መልቀቂያውን ተውኩት። የዚያን ቀን የአመራር ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ገና እጄን ሳላወጣ እሱ ተነሣና፣ ሲስተሙ ሁለት ወር ሳይሞከር ሥራ ላይ እንዲውል የፈረመው እሱ መሆኑን፣ ጥፋት ካለ ከእሱ እንዲጀመር ተናገረ። እኔ ነዝንዤው እንደፈረመ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ቆይቼ እኔው ተነሥቼ ተናገርኩት። ግን እሱ ባይጀምር ኖሮ ለመቆም ጉልበት የሚኖረኝ አይመስለኝም። ዛሬም ድረስ ይህን ውለታውን አልረሳሁም።

ሐኪሟ ግን ተቆጥታለች፤ የሚገባትም ነበር። ከስብሰባው በኋላ ኮሪደሩ ላይ አቁማኝ፣ ያቺ እናት የዳነችው አዋላጇ ጎበዝ ስለሆነች እንጂ በእኛ አይደለም አለችኝ። ልክ ነሽ አልኳት። ከዚያ ወደ ክፍሏ ወሰደችኝ። በቀዶ ጥገናዎቿ መካከል ባላት ሰዓት ቁጭ ብላ፣ ምንም ቢመጣ መዘጋት የሌለበትን ነገር አንድ በአንድ አስጻፈችኝ። የመጀመሪያው፣ በአዋላጆቹና በእሷ መካከል ያለው የአደጋ ጊዜ መልእክት ነበር።

ኃላፊዬ ደግሞ ቢሮ ተቀምጠሽ አታርሚው፣ ውጪና እዪው አለኝ። አዋላጇ እናቲቱን ተሰናብታ ወደ ሥራዋ ስትመለስ አብሬያት ሄድኩ። ከጎንደር በሚኒባስ ወጣን። ኮሶዬ የምትባለውን መንደር ስናልፍ ጭጋጉ መስኮቱን ሸፍኖ መንገዱ አይታይም ነበር። እሷ እንቅልፍ ወስዷት ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። የዘጋሁባት ሴት እንዲህ ትከሻዬ ላይ ስትተኛ ምን እንደተሰማኝ ለመናገር ይከብደኛል። አምባ ጊዮርጊስ እስክንደርስ ድረስ ትከሻዬን አላነቃነቅሁም።

ሁለት ቀን እሷ ጋ ቆየሁ። ጤና ጣቢያው ከገብስ ማሳ ጎን ያለ ባለ አራት ክፍል ቤት ነው። ስልክ መደወልና መልእክት መላክ ቤት ውስጥም ይቻላል፤ መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔት የሚገኘው ግን ከአጥሩ ጥግ፣ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ ብቻ ነው፤ ሠራተኞቹ ሁሉ እዚያ ተሰልፈው ይቆማሉ። የአንዱ ስልክ ባትሪ ሲያልቅ በሌላው ይገባሉ። ይህ ለሲስተሜ በየቀኑ «አዲስ ስልክ» ነው። አዲስ አበባ የተባለውም ነገር ተገለጠልኝ፤ በዚያች ድንጋይ አጠገብ ቆሜ በራሴ ስልክ ገብቼ ብመለከት፣ እኔም አዲስ አበባ ነኝ። የስልኩ ኔትወርክ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው በዚያ በኩል ስለሆነ ማንም ከደጋው ቢገባ የሚታየው እንደዚያ ነው። በግንቦት ይህን ያላየሁት መብራት ስለነበረና ሁሉም በየታብሌቱ፣ ራሳችን ባስተከልነው መስመር ይሠራ ስለነበር ነው። እኔ ሌባ ያልኩት ክረምትን ነበር።

ሁለተኛው ቀን ላይ መልእክቱን አብረን ጻፍነው። መጀመሪያ እኔ በአማርኛ አሰናዳሁ፤ «በአካውንትዎ ላይ አጠራጣሪ የመግባት ሙከራ በመስተዋሉ ለጊዜው መታገዱን እየገለጽን» ብዬ ጀመርኩ።

አዋላጇ አነበበችውና ሳቀች። «ፍርድ ቤት የጠራኝ ነው የሚመስለው። ምነው ዝም ብለሽ አንቺ ነሽ ወይ ብለሽ አትጠይቂኝም?»

ጠየቅኋት። ከብዙ መሰረዝና መጻፍ በኋላ የቀረችው መልእክት ይህች ናት፦ «አሁን ወደ ሥራ አካውንትዎ የገቡት እርስዎ ነዎት? ከሆኑ 1፣ ካልሆኑ 2 ብለው ይመልሱ።» ለሰው ትገባ እንደሆነ ለማየት ለጥበቃው ላክንላቸው። ሁሉም «አያ» የሚሏቸው፣ ዳዊት የደገሙ ትልቅ ሰው ናቸው፤ አካውንትም ሆነ ታብሌት የላቸውም። ስልካቸውን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው ቀስ ብለው አነበቡና፣ የትም አልገባሁም ብለው 2ን ላኩ። ትክክለኛው መልስ ይኸው ነበር። አዋላጇ እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊት አላየኋትም።

ወደ ከተማ ተመልሼ ሲስተሙን እንደ አዲስ ሠራሁት ማለት ይቻላል። አሁን ተጠራጥሮ ወዲያው አይቆልፍም፤ መጀመሪያ ይጠይቃል። መልስ እስኪመጣ ድረስ የእናቶቹን መዝገብ በጅምላ ማውጣትና የይለፍ ቃል መቀየር ይከለክላል፤ ለሐኪሟ መጻፍና መልሷን ማንበብ ግን አይነካም። 2 የሚል መልስ ከመጣ ያን ጊዜ ይዘጋል። ጭራሽ መልስ ካልመጣ እኔና ኃላፊዬ በየተራ የምንይዘው ስልክ ይጮሃል፣ ከእኛ አንዱ ደውሎ ባለቤቱን በድምፅ ይጠይቃል። ይህን ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ፣ ነሐሴንና መስከረምን፣ ሳይዘጋ እየተመለከተ ቆየ። በየሳምንቱ የተጠራጠራቸውን ሰዎች አዋላጇ በስልክ አብራኝ ታያቸው ነበር፤ ይሄ የመድኃኒት ክፍሉ ስልክ ነው፣ ይሄኛዋ ወደ እናቷ አገር ሄዳ ነው እያለች።

አንድ ያልጠበቅነው ነገር ግን አስቸገረን። ሰው ያፍራል። የተላከለትን ተጭኖ የይለፍ ቃሉን የሰጠ ሠራተኛ ለእኛ መናገር አይወድም፤ ሳያየው እንዳለፈ ሆኖ ዝም ይላል። ለሠራተኛው ስለ ሲስተሙ ገለጻ ስሰጥ ይህን እንዴት እንደማነሣ ጨንቆኝ ነበር። ገለጻው መካከል ላይ ከኋላ ወንበር የሰው ኃይል አስተዳደሩ ሽማግሌ ተነሡ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። እኔ ምንም አልጠየቅኳቸውም፣ እንደሚናገሩም አላወቅሁም።

«በዚያ ጊዜ የመጀመሪያው የተታለልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሰኞ ከሰዓት ተጠራጥሬ ነበር። አፍሬ ዝም አልኩ። በዚያው ሰኞ ለእነዚህ ልጆች ደውዬ ቢሆን ኖሮ ማንኛችሁም ባልተነካችሁ። እኔን ያየ አይፈር፤ ይደውል።»

ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልካችን መጮህ ጀመረ፤ ይሄ መልእክት የእናንተ ነው ወይ፣ አሁን አንድ ነገር ተጭኜ ነበር፣ እባክሽ እዪልኝ። ከሠራሁት ሲስተም ሁሉ በላይ የረዳን የእሳቸው ያቺ አጭር ንግግር ናት ብል አላጋነንኩም። ጡረታ ሲወጡ ይህን ነግሬያቸዋለሁ። ባርኔጣቸውን አድርገው «እንግዲህ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለውኝ ሄዱ።

በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ገብሱ በሚታጨድበት ሰሞን፣ እውነተኛው ሌባ መጣ። የመጣውም በዚያችው አዋላጅ አካውንት ነበር። ጊዜው እኩለ ቀን ነው። ከሩቅ አገር የሆነ ሰው በመጀመሪያው ሙከራ፣ የይለፍ ቃሏን ሳይስት ገባ። በኋላ ስንመረምር ያንኑ ቃል ለሌላ፣ ከሥራዋ ጋር ለማይገናኝ ገጽ ተጠቅማበት ኖሮ ቃሉ ከዚያ ወጥቷል። ሲስተሙ ጠየቃት። እሷ በዚያ ሰዓት አንድ ሕፃን ሚዛን ላይ አስቀምጣ ነበር። በአንድ እጇ ሕፃኑን እንደያዘች በሌላው 2ን ላከች። እኔ ማስታወቂያውን አይቼ ስልኬን እስካነሣ ድረስ ሁሉም ተዘግቶ ሌባው ወጥቷል። መዝገቡን ስመለከት የእናቶቹን ዝርዝር ለማውረድ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ ተከልክሏል። አንድም ስም ይዞ አልሄደም።

ወዲያው ደወልኩላት። ሕፃኑ ከጀርባ ሲያለቅስ ይሰማኛል።

«ሲስተር፣ አንቺ ነሽ የመለስሽው?»

«እኔ ነኝ። እኔ አይደለሁም ያልኩትም እኔ ነኝ» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ምንም ወስዷል?»

ምንም እንዳልወሰደ ነገርኳት። ከእናቶቿ መካከል ቫይረሱ በደሟ እንዳለ ለእሷ ብቻ የነገረች፣ ባሏ የማያውቅባት ሴት አለች፤ በመደፈር ያረገዘች ልጅም አለች። እነዚህ በአደራ የሰጡኝን ነገር ነው የጻፍኩት፣ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ በዚህች መንደር ፊቴን ይዤ መሄድ አልችልም ነበር አለችኝ። ከዚያ አመሰገነችኝ። የምታመሰግነኝ እሷ መሆኗ አሳፈረኝ፤ መልእክቷን የጻፈቻት እሷ፣ የመለሰቻትም እሷ ናት። ይህንኑ ነገርኳት። ሕፃኑ እያለቀሰ ስለሆነ በኋላ እንወያያለን ብላ ዘጋችው።

አሁንም የተረኛውን ስልክ በየሳምንቱ ከኃላፊዬ ጋር እንቀባበላለን። ሲስተሙ አልፎ አልፎ ይሳሳታል፤ ሲሳሳት ግን የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ነው፣ ያንንም ሰው ይቅር ይለናል። መንታዎቹ እየሮጡ ነው። እናታቸው ለክትባት ይዛቸው ስትመጣ አዋላጇ ፎቶ ላከችልኝ፤ አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። በዚህ ሥራ ውስጥ ስንት ሰው እንደተሸከመኝ ሳስበው ይገርመኛል። እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ወይ ሲስተሙ አይኖርም፣ ወይ እኔ አልኖርም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ተረኛ ሆኜ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስመርጥ ስልኩ ጮኸ። አዋላጇ ናት። ምን ተፈጠረ ብዬ ደነገጥኩ። አምባ ጊዮርጊስ ወርዳ አዲስ ስልክ ገዝታ ኖሯል፤ ከሰዓት በኋላ በእሱ ልትገባ አስባለች።

«ገና ሳልገባ ልንገርሽ ብዬ ነው» አለችኝ። «ያ ማሽንሽ አዲስ ስልክ ሲያይ ይደነግጣል አይደል?»

እንዲደነግጥ ተይው፣ ይጠይቅሽና 1 በይው አልኳት። ሳቀች፤ እሺ ብላ ስለ ስልኩ ቀለም ትነግረኝ ጀመር።